አያ ጫኔ የገመገሟቸው ሁለት መኪኖች

ከጎጃም ከተመለስኩ ጀምሮ፣ ድሬዳዋ ጋራዤ ደጃፍ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡ ሰዎች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የትኛዋ በለጠች?» በአንድ ቃል ብመልስላቸው ደስ ባላቸው ነበር። እኔ ግን ስድስት ቀን የፈጀ መንገድ በአንድ ቃል መጨረስ አልችልም፤ አንዴ ከጀመርኩም ወሬ የማቆም ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ጻፍኩት። አብዛኞቹ ደጋ አገር ረግጠው አያውቁም። ብርድ ሲባል የሚመጣላቸው በታኅሣሥ ንጋት ነጠላ መደረብ ነው።

ነገሩን የጀመረው ይሁኔ ነው። ይሁኔ የቁይ ልጅ ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖች አሉት፤ ድሬ ላይ ሲታመሙ የሚታከሙት እኔ ጋ ነው። አንድ ቀን ደወለና «ለራሴ መኪና ልገዛ ነው። ትልቅ፣ የተከበረች። ሁለት ላይ ቆሜ መወሰን አቃተኝ። ና ምረጥልኝ» አለኝ። ሁለቱንም ዓይነት ከአከራይ ለአንድ ሳምንት ወስዶ አገሩ ድረስ ነድቶ ሊፈትናቸው አስቧል። መኪና ለመፈተን አዲስ አበባ ምን አነሳት ብዬ ጠየቅኩት።

«አባቴንም ላመጣ ነው» አለ። «አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል። የቀረውን ሞራ ሸፍኖታል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ የሚሠሩት እስከ አርብ ነው።»

ለዚህማ ካሉት ፒክአፖች አንዱ አይበቃም ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሰው ለአባቱ ሲል ትልቅ መኪና ቢያማርጥ እኔ ምን አገባኝ።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ አዲስ አበባን ለቀን ወጣን። ይሁኔ ነጯን ያዘ፣ እኔ ጥቁሯን። ነጯ ባለሥልጣን ሲሄድባት የምናያት ዓይነት ናት፤ ከፍ ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሞተሯ ሲነሳ ሰፈር የሚሰማው። ለመግባት መርገጫው ላይ ወጥቶ እጀታ መጨበጥ ያስፈልጋል። ጥቁሯ የአውሮፓ ሥራ ናት። ቆዳ ወንበሯ ቁልፍ ሲጫኑት ይሞቃል። ድሬዳዋ ላይ ይህ ቅጣት ነው፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ግን ለሠራው ሰው እግዜር ይስጠው አልኩ። ከሁሉ የገረመኝ የተቀመጠችበት ነገር ነው። የብረት ሞላ የላትም፤ በአየር በተነፉ ከረጢቶች ላይ ነው የቆመችው። ቁልፍ ሲጫኗት ሆዷን ወደ መሬት ዝቅ ታደርጋለች፣ እንደገና ሲጫኗት ትነሳለች። እኛ አገር ግመል ሊጫን ሲንበረከክ እንዲህ ነው። አንድ ሁለቴ በከንቱ አንበርክኬ አስነሳኋት፤ ይሁኔ ከነጯ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «መጫወቻ ነው እንዴ?» አለኝ።

የዓባይ በረሃን ስንወርድ ልዩነታቸው ታየኝ። ነጯ በከባድ ማርሽ እያገሳች ራሷን ይዛ ትወርዳለች፤ ፍሬን ብዙ አትፈልግም። ጥቁሯ ድምፅ ስለሌላት ፍጥነቷ አይታወቅም፤ አንድ ኩርባ ላይ ቆጣሪውን ሳይ ደነገጥኩ። ከታች ድልድዩ ጋ ስንደርስ መስኮት ከፈትኩና ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። በጉዞው ሁሉ እንደ ሰው የተነፈስኩት እዚያ ነው። ከዚያ እስከ ደጀን ዳገት ነው፤ ዳገቱ ሲያልቅ ሙቀቱም አለቀ።

ደጀን የጭነት መኪና አገር ናት። ምሳ የበላንበት ቤት አንድ ሹፌር «ማስተር ፍሬው» ብሎ ጠራኝ፤ ድሬ ላይ ማርሽ ቦክስ የሠራሁለት ልጅ ነው። ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልሎ እጁ የቻለውን ያህል አጎረሰኝ። ወጥተን ሹፌሮቹ ሁለቱን መኪኖች ከበቡ፤ ለነጯ ፈረዱ። ጥቁሯን «ለሙሽራ ትሆናለች» ብለው አለፏት።

ደብረ ማርቆስ የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሆቴሉ ንጹሕ፣ ሰዎቹ ትሑት ናቸው። እኔ በድሬ ልማዴ ክፍል ስቀበል «ፋን አለው?» አልኳት አስተናጋጇን። ልጅቱ አንድ አፍታ አየችኝና ሦስተኛ ብርድ ልብስ አመጣችልኝ። ሦስቱንም ለብሼ፣ ካልሲዬን ሳላወልቅ አደርኩ።

ማክሰኞ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ የሄድንበት መንገድ ኮረኮንች ነው። ግራና ቀኙ የጤፍና የገብስ ማሳ፤ ከየጉብታው ላይ ዛፍ የከበበው ቤተ ክርስቲያን ብቅ ይላል። እኛ አገር ከሩቅ የሚታየው ቁልቋልና የባቡር ሐዲድ ነው፤ እዚህ በሄድን ቁጥር ዛፍ የከበበው ጉብታ ይመጣል። ብዛታቸውን ያኔ ልብ አላልኩትም፤ በኋላ ልብ ልለው ነበር። ጥቁሯ ኮረኮንቹ ላይ ጀልባ ሆነች። እጄ ላይ ያለ ሻይ እንኳ አልፈሰሰም። ይሁኔ ነጯ ውስጥ ሲንገጫገጭ በመስታወት እያየሁ ሳቅኩበት።

ሳቄ ቁይ ላይ ተከፈለ። የገበያ ቀን ነበር። ጥቁሯን ከመንገዱ ዳር አቁሜ ልቆልፍ ስል የተሳሳተ ቁልፍ ተጫንኩና መጮህ ጀመረች። እንደ አምቡላንስ ትጮሃለች፣ መብራቷ ይበራል ይጠፋል። አህያ ሸክሙን እየጣለ፣ በቅሎ ገመዱን እየበጠሰ ገበያው ተተራመሰ። እኔ መኪና ሐኪሙ ዝም ማሰኛው የት እንዳለ ጠፍቶኝ ቁልፉን ሁሉ እየነካካሁ ላብ አጠመቀኝ። ዝም ስትል አንዲት ሴት የድንች ጆንያዋ ተበትኖ ጎንበስ ብላ ትለቅም ነበር። ሄጄ አብሬ መልቀም ጀመርኩ።

«ተወው፣ እኔ እለቅመዋለሁ» አለችኝ። «ምን ሆና ነው የጮኸችው?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እንግዳ አይደለህ? አታውቃትም ማለት ነው» አለችና ከጎኗ ከተቀመጠው ማሰሮ የተቀቀለ ድንች ከጨውና በርበሬ ጋር በቅጠል አድርጋ ሰጠችን። ሸክሙን ጥሎ የበረገገው አህያ የእሷ መሆኑን የነገረን ሌላ ሰው ነው። ድሬዳዋ ቢሆን እኔም እሷም ተሰዳድበን፣ ሰው ገላግሎን፣ ከዚያ ነበር ሻይ የምንጠጣው።

ከቁይ ማዶ የአያ ጫኔ ቤት የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። አያ ጫኔ የይሁኔ አባት ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ። በጉልበታቸው ዘመን በቅሎ ገሪ ነበሩ፤ ቁይ ገበያ ላይ ሰጋር በቅሎ የሚሻ ሰው እሳቸውን ሳያማክር አይገዛም ነበር አሉ። ልጃቸውን አቅፈው ሳሙት፣ መረቁት። እኔንም ፊቴን በእጃቸው ዳብሰው «የቆላ ሰው ነህ» አሉኝ፤ በምን እንዳወቁ አልነገሩኝም። የሐኪሙ ነገር ሲነሳ ግን «ደክሟችኋል፣ እረፉ» ብለው ዞር አሉ።

የይሁኔ እህት ውድነሽ አብራቸው ነው የምትኖረው። ለብ ያለ ውሃ አምጥታ እግሬን ልታጥብ ጎንበስ አለች። ሃምሳ ዓመት ሲቃረበኝ ከእናቴ በቀር እግሬን ያጠበኝ የለም። የሞተር ዘይት ጥፍሬ ሥር ገብቶ ቀርቷል፤ አፍሬ ሳብኩት። እሷ መልሳ ያዘችና ዘይቱ እስኪለቅ አሸችው። አያ ጫኔ ለጸሎት ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ይሁኔም ወደ መኪኖቹ ሲወጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

«ወንድሜ ያልነገረህ ነገር አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት እንዲሁ ለዓይናቸው ብሎ በፒክአፑ ሊወስዳቸው መጣ። አባባ በበቅሎ ዘመናቸው ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ወርደው ሳይሳለሙ አልፈው አያውቁም። በመኪናም ሲሄዱ ያው ነው። ይሁኔ ሁለቱ ላይ አቆመላቸው። ከዚያ ረፈደበትና ‹ከዚህ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን የለም› አላቸው። አያዩማ፤ አመኑት። ማርቆስ ሲገቡ ከኋላ የተጫነ የጎረቤት ሰው ‹አያ ጫኔ፣ ዛሬስ አምስቱን ሳይሳለሙ አለፉ› አላቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወረዱ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሳይደርሱ በእግራቸው ተመለሱ። በየደጁ እየተሳለሙ፣ ሰው ቤት እያደሩ። ያኛው ዓይናቸው በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የእሱ መኪና ውስጥ እግራቸውን አላስገቡም።»

ይሁኔ ለምን ትልቅ መኪና እንዳማረው ያኔ ገባኝ። አዘንኩለት፤ ተናደድኩበትም።

ረቡዕ

ጧት ይሁኔ አባቱ ፊት ቆመ። ሌሊቱን ሲያስብ እንዳደረ ዓይኑ ይናገራል።

«አባባ፣ ልወስድዎ አልመጣሁም። ሁለት መኪና ይዣለሁ፤ አንዷን ልገዛ ነው። ይፍረዱልኝ።»

«እኔ የበቅሎ ሰው ነኝ።»

«ያው ሰው የሚጫንባት አይደለች?»

ሽማግሌውን ሐኪም ቤት እንሂድ ብሎ ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ሙያቸውን ሲጠየቁ ግን እንቢ ማለት አልቻሉም። በትራቸውን አነሱ።

ሠላሳ ዓመት መኪና ስመረምር የኖርኩ ሰው፣ የዚያን ቀን ያየሁትን ዓይነት ምርመራ አይቼ አላውቅም። በመጀመሪያ ከኋላ አልቀረቡም፤ ዞረው በፊት መጡ። ኮፈኗ ላይ እጃቸውን ጭነው ቆዩ። ጎማዋን በጣታቸው እየቆጠሩ ዳበሱ፤ «ኮቴዋ ገና ነው» አሉ ለነጯ። በትራቸውን በሆዷ ሥር አስገብተው ከመሬት ያላትን ከፍታ ለኩ። ጭስ ማውጫዋ ጋ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ማን ነበር የገራት?» አሉኝ። ማን ሲነዳት ነበር ማለታቸው ነው። የሁለተኛ እጅ መኪና ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይኼ ነው፤ ሰዉ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ቴፑ ይሠራል ወይ ብሎ ነው።

ቀጥሎ በየተራ ወጡባቸው። ነጯ ላይ ለመውጣት ይሁኔና እኔ ደግፈናቸው፣ ጉልበታቸው እምቢ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ሞክረን ነው። ጥቁሯን ሳንበረክካት ግን እንደ መደብ ቁጭ አሉባት። የግጦሹን ሜዳ በሁለቱም ዞርን። ሲጨርሱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ጥቁሯ ሰጋር ናት፤ ያውም ከሰጋርም ሰጋር። ወገብ አትነካም። ግን የት እንዳለሁ አልነገረችኝም። ሜዳው መሀል ቦይ አለ፣ እኔ ነኝ የቆፈርኩት። አልፈነው ይሆን?»

«ሁለት ጊዜ አልፈነዋል» አልኳቸው።

«ይኸው። ነጯ ግን ታንገጫግጫለች፤ ቦዩ ጋ ስትደርስ ቦይ ነው አለችኝ፣ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ድንጋይ ነው አለችኝ። ለማያይ ሰው እሷ ትሻላለች። ችግሯ ቁመቷ ነው፤ ለዚህ ጉልበት አትሆንም።»

ድሬዳዋ ላይ ለደንበኞቼ ስለ ምቾት የምለውን ሁሉ በልቤ መልሼ አሰብኩት። መኪና መንገዱን ባልነገረችህ ቁጥር ጥሩ ናት ስል ነበር የኖርኩት።

ውድነሽ ከበሩ ላይ ሆና ጣልቃ ገባች። «አባባ፣ በቅሎ በአንድ ሜዳ ተፈርዶባት ያውቃል? እስከ ማርቆስ ሄደው አይፈርዱም?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አልጠፋቸውም። ለይሁኔም «በየደጁ ታቆማለህ» አሉት።

«በመድኃኔ ዓለም—»

«አትማል። እኔ ሳልጠይቅህ ቁም። ሌላ አልልህም።»

ሐሙስ

ማልደን ተነሳን። እስከ ማታ ደርሰን ካልተመዘገብን ያመልጠናል፤ አርብ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩበት የመጨረሻ ቀን ነው። ለጉልበታቸው ብለን አያ ጫኔን ጥቁሯ ላይ አስቀመጥናቸው። ይሁኔ ይነዳል፣ እኔ በነጯ እከተላለሁ። ከኋላ ሆኜ ሳይ የነበረውን ነው የምጽፈው፦ ጥቁሯ ትቆማለች፣ ትንበረከካለች፣ በሩ ይከፈታል፣ ረጅሙ ሰው ወርደው ወደ ቅጥሩ ዞረው ይሳለማሉ፣ ይገባሉ፣ ጥቁሯ ትነሳለች። ይሁኔ ስጋት ስለያዘው የማይቆምበት አልነበረም። ወንዝ ማዶ፣ ተራራ ላይ ለሚታየው ሁሉ ያቆማል። አንዱ ጋ አያ ጫኔ ወርደው የት እንዳለች ከሰሙ በኋላ «ያቺስ ሩቅ ናት፣ እሷን በበቅሎም አልወርድላትም» አሉት። አንዱ ጋ ደግሞ የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ የእህል መጋዘን ሆኖ ተገኘ። እሳቸው መጋዘኑን ሊሳለሙ ጎንበስ ብለው ነበር። ይሁኔ እውነቱን ሲነግራቸው ፊቱ ቀላ።

በመሀሉ መስኮት ከፍቼ ይሁኔን «ፓምፗን አታድክማት፣ እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚያስነሳት አየር የላትም» ብዬው ነበር። አልሰማኝም። የጋራዥ ሰው ምክር ሁልጊዜ የሚሰማው ከተበላሸ በኋላ ነው። ከአንዲት ማርያም ደጅ ላይ ተንበርክካ ቀረች። ሆዷ ከኮረኮንቹ አንድ ስንዝር አልራቀም። ስክሪኗ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ ፓምፗ ግሏል፣ እስኪበርድ አትነሳም ማለት ነው። እንዲያ ሆና መንዳት ሆዷን መቅደድ ነው።

ሰዓቱን አየሁ። ይሁኔም አየ። አያ ጫኔ ብቻ ተረጋግተው «ሰጋር በቅሎም እንዲህ ናት፣ በመሀል ትቆማለች» አሉ።

የማርያም አገልጋይ የሆኑ ቄስ፣ ቄስ አበራ፣ ከቤታቸው አግዳሚ ወንበር፣ ቆሎና ጠላ ይዘው ወጡ። ስለ መኪናዋ ሲሰሙ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያቺ ነጯስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ከፍታዋ ነው ያስቸገራቸው።»

ቄሱ ወደ ቅጥሩ በር ሄደው የቆመ ትልቅ ድንጋይ በእግራቸው ነኩ። ሁለት ደረጃ ያለው ጥርብ ድንጋይ ነው። «የበቅሎ መውጫ ነው። ከየደጁ አለ። በቅሎ የሚመጣ ሰው ከቀረ ወዲህ ሕፃናት ይቀመጡበታል። መኪናዋን ጠጋ አድርጋት።»

ነጯን በስንዝር ተለክታ እንደተሠራች ያህል ከድንጋዩ ጎን አቆምኳት። አያ ጫኔ በትራቸውን ይዘው አንደኛውን ደረጃ፣ ሁለተኛውን ደረጃ ረገጡ፣ ከዚያ ያለ ማንም ድጋፍ ወንበሩ ላይ ገቡ። እርካብ የሚፈልጉ ያህል እግራቸውን ትንሽ አወዛወዙ። ሳቅ አልኩ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ በኋላ የሄድነው በነጯ ነው፤ ይሁኔ ነዳት፣ እኔ ጥቁሯ እስክትበርድ ጠብቄ ከኋላ ደረስኩባቸው። ከየደጁ ድንጋይ ነበር። አንዳንዱ ሳር ወርሶታል፣ አንዱ ላይ በግ ቆሞበት ነበር። ሲደርሱ ድንጋዩን ረግጠው ይወርዳሉ፣ ይሳለማሉ፣ ይወጣሉ። ይሁኔ በኋላ እንደነገረኝ፣ በየመሀሉም «አሁን የእንድርያስ ቁልቁለት ነው፣ ቀጥሎ ጅረት አለ» እያሉ መንገዱን ለይሁኔ ይነግሩት ነበር። ነጯ እያንገጫገጨች ትነግራቸዋለች። ሆስፒታሉ በር የደረስነው የመዝገብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛዋን ስታነሳ ነው። ሴትዮዋ አያ ጫኔን ቀና ብላ አየች፣ ጠረጴዛዋን መልሳ አስቀመጠች፣ መዝገቡንም ገለጠች። ደግ ሰው ብዙ አያወራም፤ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

አርብ

ቀኑን በመጠበቅ አሳለፍነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ አጭር ነበር አሉን፤ ረጅሙ ተራው ነው። ከደጅ ከተቀመጡት ገበሬዎች ጋር ድንችና ዳቦ እየተካፈልን ዋልን። ድሬ ላይ ሐኪም ቤት ደጅ ሰው ሁሉ ያማርራል፤ እዚህ ደግሞ አንዱ የሌላውን ሕመም በረጋ መንፈስ ይጠይቃል።

ይሁኔ ጊዜውን ለመግደል «እንግዲህ የትኛዋ?» አለኝ። የመጣሁበትን ሥራ ነገርኩት። ነጯን ግዛ፤ ቢሰበርባት ቁይም ላይ በመፍቻ ትጠገናለች፣ ዕቃዋ በየትም ይገኛል፣ ሆዷ ከድንጋይ ከፍ ያለ ነው። ጥቁሯ ለስላሳ ናት፣ ግን ብትታመም መድኃኒቷ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። በኋላም ነጯን ነው የገዛው። የዚያን ቀን ግን ልቡ እዚያ አልነበረም፤ «እሺ» ይለኛል፣ ዓይኑ ከክፍሉ በር አይነሳም።

«ያኔ የዋሸኋቸው ለዓይናቸው ብዬ ነበር» አለኝ በመጨረሻ። «ዓይናቸውን ያጠፋሁትም እኔው ነኝ።»

ዳቦውን ቆርሼ ሰጠሁት።

ቅዳሜ

ጧት ሐኪሟ ፋሻውን ፈታችው። ወጣት ሴት ናት፤ ጣቷን ከፊታቸው ዘርግታ «ስንት ነው?» አለቻቸው። አያ ጫኔ ጣቷን አልቆጠሩም። ከጣቷ አልፈው ከኋላዋ የቆመውን ልጃቸውን አዩት።

«ሸብተሃል» አሉት።

ይሁኔ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰ። እኔም ያው።

ሐኪሟ መከረችን። ለጥቂት ቀን እንዳይጎነበሱ፣ እንዳይወጡ እንዳይወርዱ፣ መንገድ ላይም እንዳይንገጫገጩ። አቧራ እንዳይገባም ዓይኑን መልሳ ሸፈነችው፤ ነገ ቤታቸው ሲሆኑ ይፈታል አለች። ስለዚህ ነጯን ሆቴሉ ግቢ ትተን በጥቁሯ ሄድን። እኔ ነዳሁ፣ ይሁኔ ከኋላ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ። ፓምፗ ደህና ነበር፤ የሚያስወርዳት ሰውም አልነበረም። ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ስንይዝ ምንም አልተሰማንም። ያለ ድምፅ፣ ያለ ንቅናቄ እንሄዳለን። አያ ጫኔ ዓይናቸው ተሸፍኗል፤ ቁልቁለቱንም ጅረቱንም የምትነግራቸው መኪና ማርቆስ ቀርታለች።

የመጀመሪያው ጊዮርጊስ ነው። ዛፎቹ ከሩቅ ሲታዩኝ በመስታወት ይሁኔን አየሁት። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርገዋል። ማንም አልጠየቀም።

«አቁምልኝ» አለ ይሁኔ።

አቆምኩ።

«አባባ፣ ጊዮርጊስ ደርሰናል። ሐኪሟ እንዳይወርዱ ብላለች። እኔ ወርጄ ልሳለምልዎ?»

ሞተሯ ስለማይሰማ ከቅጥሩ ውስጥ ወፎቹ ሲንጫጩ ይሰማ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ትከሻ ፈልገው አገኙት።

«ሂድ ተሳለምልኝ» አሉት።

ይሁኔ ወርዶ መንገዱን ተሻገረ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ ግንባሩን ከመቃኑ አስነካ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ። ሰው በወትሮው ከሚቆየው በላይ ቆየ። እኔና ሽማግሌው መኪናው ውስጥ ለብቻችን ነበርን። ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እውነት ወረደ ወይ፣ እውነት ጎነበሰ ወይ ብለው። መልሴን አዘጋጅቼ በመስታወት አየኋቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ልጃቸው እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር።

ከጊዮርጊስ ቀጥሎ ሚካኤል ነው፣ ከዚያ አቦ፣ ከዚያ ማርያም፣ ከቁይ ማዶ እስከ ቤታቸው ድረስ ሌሎችም አሉ። ይሁኔ በሁሉም ወረደ። አያ ጫኔ አንድም ጊዜ እኔን አልጠየቁኝም።